ክቡ ክዳንና ጥንታዊው ሕንፃ፤ ስለ ጋይንት ቤተ ልሔም የቀረበ ትችት

ከጉና ተራራ ምሥራቃዊ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ጨጨሆ በር፣ በደቡብም እስከ በሽሎና እስከ ዐባይ ገደል ድረስ የተዘረጋው አገር፣ ይኸውም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ አገር በመሆኑ ነው። ከጎንደር ወደ ላስታ የሚሻገር ሁሉ ያልፍበታል፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በ1867 መጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ገደሉን እያስናዱ መንገዱን ያቀኑት በዚሁ በኩል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደገ ሰው ይህ አገር መድረሻ እንጂ መተላለፊያ አይደለም። ድጓ ለማስመስከር የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ይመጣል፤ ከዜማ ስልቶችም አንዱ ስሙን ያገኘው በእስቴ ካለችው ከቆማ ነው።

ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ ስለ አንድ መርጌታ «ቤተ ልሔም ወርዶ የመጣ ነው» ሲባል በሰማ ጊዜ፣ ሰውየው እስከ ምድረ ይሁዳ ተሻግሮ የተመለሰ መስሎት በታላቅ አድናቆት ይመለከተው ነበር። ቤተ ልሔም የተባለችው የጋይንት ደብር መሆኗን የተረዳው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚያች ደብር በክቡ የሣር ክዳን ሥር ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የሚቀድም፣ በጥንቱ የአክሱም ሥርዓት የተሠራ ሕንፃ እንዳለ ያወቀው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ ያውም ከአንድ የእንግሊዝ መንገደኛ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው መዘግየት የልጅነት ነውና ይቅር ይባላል። ሁለተኛው ግን የአንድ ሰው ስንፍና ብቻ ሆኖ አላገኘነውም፤ ይህን ትችት ለመጻፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

መጽሐፉ ቶማስ ፓከንሃም በ1959 ያሳተመው «የራሴላስ ተራሮች» የተባለው ነው። ፓከንሃም የኦክስፎርድ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በ1955 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 በጻፈው፣ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ በመለሰው ልብ ወለድ ታሪክ የተወሱትን የነገሥታት ልጆች እስር ቤት የሆኑ አምባዎች ለመፈለግ በበቅሎ የተጓዘ ወጣት ነበር። የጎንደር መሳፍንት ይጋዙበት የነበረውን የወኅኒን አምባ በዚሁ ጉዞ አይቷል። ቤተ ልሔምም የደረሰው በዚሁ ዘመን ነው፤ ከውጭ ሲያዩት እንደ ማናቸውም የባላገር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሆነ፣ ሣር የለበሰ ሕንፃ ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ግድግዳ መካከል ሌላ ሕንፃ ቆሞ አገኘ፤ ርዝመቱ ከወርዱ የሚበልጥ አራት ማዕዘን፣ ድንጋይና እንጨት ተዋሕደው የተሠራ፣ ከዙሪያው ካለው ሁሉ በዕድሜም በሥርዓትም የተለየ።

ፓከንሃም ዐይኑ ያየውን በሚገባ ተረድቷል፤ ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው። ከእርሱ በፊት በዚያ አገር ያለፉ አውሮፓውያን መንገደኞች ጥቂት አልነበሩም፤ ከውጭ ያለው የሣር ክዳን ግን ሁሉንም መልሷቸዋል። በዚያን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የነበረው ዋና ጥናት ዴቪድ ባክስተን በ1947 ያቀረበው ሲሆን፣ ያም ይበልጡን የተመለከተው ትግራይንና ላስታን ነበር። ስለዚህ በቤጌምድር እንዲህ ያለ ሕንፃ መኖሩ ለሊቃውንቱ በእርግጥ አዲስ ነገር ሆኗል። ክርክራችን ከአንዲት ቃል ጋር ነው፤ እርሷም «ተገኘች» የምትለዋ ናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ቦታው በሚወጡት የመንገደኛ መጻሕፍት ዘንድ የቤተ ልሔም ታሪክ የሚጀምረው ከ1955 ነው። በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚመጣ ተማሪ በዚያ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ሲያዜም የኖረበት ዘመን ግን በእነዚህ መጻሕፍት ከታሪክ አይቆጠርም። አንድ ነገር ተገኘ የሚባለው ጠፍቶ ከነበረ ነው። ለማን እንደ ጠፋ ሳይናገሩ ተገኘ ማለት ደግሞ የራስን አለማወቅ የአገር አለማወቅ ማድረግ ነው።

ይህን ያህል በእንግዳው ላይ ከተናገርን ዘንድ ወደ ራሳችንም መመለስ ይገባናል፤ በእኛ በኩል ያለው ጉድለት ከዚያኛው የሚያንስ አይመስለንምና። የቤተ ልሔም ስም በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው በድጓ ነው። አንድ የዜማ ተማሪ በየትኛውም አገር ድጓውን ቢያጠና፣ ትምህርቱ ፍጹም የሚሆንለት ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ ሲያስመሰክር ነው። ማስመስከር ማለትም ቃሉንና ዜማውን በመምህሩ ፊት ማሳየት፣ በእጁ የጻፈውንም ድጓ ምስክር ከሆነው መጽሐፍ ጋር እያስተያዩ፣ የጎደለውን ምልክት እየሞሉ፣ የተሳሳተውን እየፋቁ ማረም ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ከሠሩ ወዲህ ድጓ ከሊቃውንቱ ጋር ብቻ ሳይሆን በብራናም ላይ ኖሯል፤ ሆኖም ብራናው ያለ መምህሩ ድምፅ፣ መምህሩም ያለ ብራናው ምስክርነት አይበቃም። የቤተ ልሔም፣ የቆማና የአጫብር ዜማ እየተባለ የሚታወቀው ልዩነት እስከ ዛሬ ሊቆይ የቻለው በዚህ ጥብቅ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ አንዲት ሰረዝ፣ አንዲት ይዘት እንዳትዛነፍ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ትምህርት ቤት፣ በውስጡ ስላለው ሕንፃ የተናገረው ምንኛ ያነሰ ነው! በድጓው ውስጥ ያለውን ምስጢር ሁሉ የሚያውቅ ሊቅ ከኋላው ስላለው ግድግዳ ቢጠየቅ «የጥንት ነው» ብሎ ያልፋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ነው። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ያለፉት የአገራችን ምሁራን ደግሞ ቤተ ልሔምን የዜማ ነገር አድርገው ለካህናት ተዉት። ስለዚህ ድጓውን የሚያውቀው ሕንፃውን፣ ሕንፃውን የሚያጠናው ድጓውን ሳያይ ሁለቱ በአንድ ክዳን ሥር ጀርባ ለጀርባ ቆመው ቀሩ። የውጭ ጸሐፊዎችን ከወቀስን በኋላ ማንም የእኛን ድርሻ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባውም።

አሁን ወደ ሕንፃው እንግባ። የአክሱም ሥርዓት የሚባለው የግንብ አሠራር ባጭሩ እንዲህ ነው። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ጥቂት ክንድ ከተነሣ በኋላ በውጭና በውስጥ ፊቱ ላይ ረጃጅም ሠረገላዎች ይጋደማሉ፤ እነርሱንም አግድም የሚያያይዙ አጫጭር እንጨቶች በላያቸው ይገባሉ፤ ከዚያ ደግሞ ድንጋዩ ይቀጥላል። የአጫጭሮቹ እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ሲታይ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። የበሩና የመስኮቱ ክፈፍ ከወፍራም እንጨት ይሠራል፤ ማዕዘኖቹም አራት ማዕዘን ሆነው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ይህ ሥርዓት ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው ለመረዳት የአክሱምን ሐውልቶች ማየት ይበቃል፤ ጠራቢው ጠንካራውን ድንጋይ ይዞ ሳለ የእንጨቱን ክፈፍና የዝንጀሮውን ራስ አንድ በአንድ ቀርጾበታል። የላሊበላው ቤተ አማኑኤልም ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ሳለ እንደ እንጨትና ድንጋይ ግንብ ሆኖ እንዲታይ ተደርጓል። ድንጋይ የእንጨትን መልክ ለመምሰል ይህን ያህል ከደከመ፣ መጀመሪያው ሥራ በሰው ልብ ውስጥ የነበረው ስፍራ ታላቅ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን አምሳያው ሲኖር መጀመሪያው አልኖረም። ከአለት የተፈለፈሉት ብዙዎች ዛሬም አሉ፤ በእንጨትና በድንጋይ ከተገነቡት ግን ቆመው የሚገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምክንያቱ ከአሠራሩ ራሱ ይመነጫል። እንጨቱ ግንቡን ያያይዛል፤ ግንቡ እንዳይሰነጠቅና ሲናወጥ እንዲችል ያደርገዋል፤ ዝናብ ሲያገኘው ግን በመጀመሪያ የሚበሰብሰው እርሱ ነው። ጭቃው ታጥቦ ሲወርድ ድንጋዩ ይላላል፤ እሳት የገባ ቀን ደግሞ ማያያዣው ሁሉ ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ሥርዓት ሕንፃ ዕድሜ የሚወሰነው በሠሪው ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ በማግኘቱ ወይም በማጣቱ ጭምር ነው እንጂ።

የተረፉትን ብንቈጥር ይህ በግልጽ ይታያል። በላስታ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ዋሻ ውስጥ ስለ ተሠራ ዝናብ ጠብታ አልነካውም። የመኪና መድኃኔ ዓለም እንዲሁ በዋሻ ውስጥ ናት። ደብረ ዳሞ በገመድ ብቻ በሚወጣበት አምባ ላይ ስለ ሆነ ከጠላት ተሰወረ፤ ከዝናብ ግን ስላልተሰወረ በ1940ዎቹ መጨረሻ ዴሪክ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃ ባለሙያ ከመፍረስ ሊያድነው ማደስ አስፈለገው። በአሥመራ የነበረችው ጥንታዊት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዋሻም አምባም አልነበራትም፤ በ1920 ፈረሰች። መልኳን ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1906 የመጣው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን ለክቶ ሥዕሏን ስላስቀረ ነው። እንግዲህ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ዋሻዋ የቱ ነው? አምባዋስ? መልሱ እንግዶቹ እንደ መጋረጃ የቈጠሩት ክቡ ግድግዳና ክዳን ነው።

ስለ ቤተ ልሔም በሚነገረው ሁሉ ውስጥ እኛ አጥብቀን የምንቃወመው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ጥንታዊውን ሕንፃ የሚያደንቁ ሰዎች ስለ ክቡ ግድግዳ ሲናገሩ ደበቀው፣ ሸፈነው፣ ዋጠው ይላሉ። እንደ እነርሱ አስተሳሰብ ውበቱ የውስጠኛው ነው፤ የውጭኛው የኋላ ዘመን ባላገር ሳያውቅ የለጠፈው ነው። ከዚህም ተነሥቶ፣ ክቡ ቢነሣና ጥንታዊው ሕንፃ ብቻውን ቢታይ ምንኛ በተዋበ የሚል ምኞት ከአንዳንድ ተማሩ ሰዎች አፍ ሰምተናል። ይህ ምኞት በሁለት ረገድ ስሕተት ነው።

አንደኛው ግልጽ ነው፤ ከላይ እንደ ተናገርነው ያ ክዳን ባይኖር ኖሮ የሚደነቀው ግድግዳ ዛሬ የድንጋይ ቁልል ይሆን ነበር። ሁለተኛው ግን ጠለቅ ያለ ስለ ሆነ ጥቂት ብንዘገይበት አይከፋም።

በደጋው አገር ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ሦስት ክፍል አለው። በውጭ በኩል ደብተራው ቆሞ የሚያዜምበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ሕዝቡ የሚቆርብበት ቅድስት፣ በመካከል ታቦቱ ያለበት መቅደስ ነው። ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ክብ ሲሆኑ መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው። ሥዕሉ ያለበት የመቅደሱ ግድግዳ ከመሬት እስከ ጣራው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የክዳኑም ክብደት ይበልጡን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። እንግዲህ በክብ መካከል አራት ማዕዘን ማኖር ለአገሩ ሠሪ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የየዕለቱ ሥራው እንጂ። የቤተ ልሔም ካህናትና ሠሪዎች አርጅታ ያገኟትን ቤተ ክርስቲያን በክብ ግድግዳ ሲከቧት የፈጸሙት ሥራ፣ እኛ እንደምንረዳው፣ ጥንታዊቱን ቤተ ክርስቲያን እንደ መቅደስ መቍጠር ነው። ሌላው ደብር አዲስ መቅደስ ሠርቶ በዙሪያው ቅኔ ማኅሌት ያቆማል፤ እነርሱ ግን መቅደሱ ተሠርቶ ስለ ቆያቸው ዙሪያውን ብቻ ሠሩለት። ይህ ሽፋን ሳይሆን ማዕርግ ነው። አሮጌውን አፍርሶ በምትኩ አዲስ ክብ ማቆም ከዚህ ይቀል ነበር፤ በብዙ ስፍራም የተደረገው ያ ነው።

ይህን አመለካከት የሚያጸና አንድ ነገር አለ። አራት ማዕዘን በክብ ውስጥ ሲቆም በአራቱ ማዕዘን አጠገብ ያለው መተላለፊያ ይጠብባል፤ በአራቱ ፊት ያለው ግን ሰፊ ይሆናል። ይህ ሰፊ ስፍራ ለማን ይጠቅማል ቢባል፣ በቀኝና በግራ ለሁለት ተከፍሎ ከበሮና ጸናጽል ይዞ ለሚያሸበሽብ የማኅሌት ማኅበር ነው። በጥንቱ ርዝማኔ ባለው ሕንፃ ውስጥ ሰው በዐምዶች መካከል ይቆማል፤ ማኅሌት እንደሚፈልገው አይንቀሳቀስም። የዜማ ትምህርት ቤት የሆነች ደብር ሰፊ ዙሪያ መሻቷ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ክቡ ግድግዳ የተሠራው ዝናብ ለመከላከል ብቻ ነው ብንል እንኳ ያጎደልን ይመስለናል፤ ድጓው ራሱ ቤቱን አስፍቶታል። እንግዲህ ክቡን አንሥቶ ጥንታዊውን ብቻ ማሳየት ማለት ከአንድ መጽሐፍ ንባቡን አስቀርቶ ምልክቱን እንደ መፋቅ ነው።

የክዳን ማጣት የሚያደርሰውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከስማዳ ዐባይን ተሻግሮ በእነብሴ በኩል ወደ ጎጃም የወጣ ሰው መርጡለ ማርያምን ያገኛል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ግድም ያሠሯት ይህች ቤተ ክርስቲያን፣ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በአገራችን በነበረበት ዘመን ዝናዋ የተሰማ ነበር። በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ግራኝ በተባለው፣ ጦርነት ተቃጠለች። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በዚያው ቦታ ዳግመኛ ሠሩ፤ የእነርሱም ዘመን ሲያልፍ ሥራው ያለ ጠባቂ ቀረ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1842 ደርሶ ያየው ፍርስራሹን ነው፤ ያየውንም በ1847 አሳተመ። ዛሬም የቆመው ግድግዳ ላይ ያሉት በድንጋይ የተቀረጹ ጽጌያትና ሐረጎች ለተመልካች ያስደንቃሉ። የትኛው ጌጥ የእቴጌዋ ጠራቢዎች፣ የትኛው የኋለኞቹ እንደ ሆነ ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩ ያልተቋጨበት አንዱ ምክንያት ማያያዣው ሁሉ ፈርሶ ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር የነበረው ግንኙነት መቋረጡ ነው። በሽሎን ተሻግሮ ወደ አምሐራ ሳይንት ያለውማ ከዚህ የከፋ ነው፤ ዐፄ ናዖድ ጀምረው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቅና በዕንቍ ያጌጠው መካነ ሥላሴ በ1531 ከተቃጠለ በኋላ ክብሩን የምናነበው ባቃጠሉት ሰዎች ወገን በተጻፈው የሐበሻ ዘመቻ ታሪክ ነው። ቤተ ልሔም በእነዚህ ሁለቱ መካከል ቆማ መገኘቷን ያሰበ ሰው፣ በሣር ክዳኗ ላይ ለማላገጥ አይደፍርም።

ከዚህ ጋር የሚስተካከል፣ በእኛ ዘመን የሆነ ሌላ ነገር አለ። በላሊበላ የዓለም ቅርስ ተብለው በ1978 ከተመዘገቡት አብያተ ክርስቲያናት በአንዳንዶቹ ላይ፣ ዝናብ አለቱን እንዳይበላው ተብሎ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ የብረት ምሰሶ ያላቸው መጠለያዎች በ2008 ግድም ተተከሉ። ለጥቂት ዓመታት ታስበው የተሠሩት መጠለያዎች ከታሰበላቸው ዘመን በላይ ቆዩ፤ ክብደታቸው አለቱን ይጎዳል ብለው የፈሩ የአገሩ ሰዎች በ2018 ሰልፍ ወጡ። ጉዳዩ የሁለት መንግሥታት መነጋገሪያ ሆነ፤ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን በ2019 ላሊበላ ድረስ መጥተው ተመለከቱት። እኛ መጠለያውን ያቆሙትን ባለሙያዎች ለመውቀስ አንነሣም፤ ሐሳባቸው ማዳን ነበር። ነገር ግን ከላሊበላ የጥቂት ቀን የበቅሎ መንገድ ርቃ ባለች ደብር ያው ጥያቄ፣ ማለት አንድን ጥንታዊ ሕንፃ ከዝናብ እንዴት እንከልል የሚለው፣ ቀድሞ መልስ አግኝቶ እንደ ነበር ማንም ሲያነሣው አልሰማንም። ያ መልስ ሲያረጅ በአገሩ ሰው እጅ የሚታደስ፣ ሥርዓተ ማኅሌቱን የማይከለክል፣ ከውስጠኛው ሕንፃ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነበር። ባለሙያው ወደ ሩቅ ሲያይ በቅርብ ያለው ትምህርት ቤት አመለጠው።

እስካሁን የተናገርነው ክቡን ለማመስገን ብቻ መስሎ እንዳይታይ፣ የሣር ክዳን ያለበትንም ችግር አንሸሽግም። ሣር በየጊዜው ይበሰብሳል፤ ጥሩው ሣር ደግሞ እርሻው በገፋ ቍጥር እየራቀ ሄዷል። መብረቅና እሳት ያስፈራዋል፤ የመቅረዝ ብልጭታ ይበቃዋል። ክዳን የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ናቸው። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ብዙ አድባራት ሣሩን አንሥተው ቆርቆሮ ሲያለብሱ በእኛ ዘንድ የሚያስነቅፍ ነገር አላደረጉም፤ የደሀ ምእመን ገንዘብ ተዋጥቶ የተገዛ ቆርቆሮን ከከተማ ሆኖ መናቅ ቀላል ነው። ሆኖም በጥንታዊ ሕንፃ ላይ ክዳን ሲለወጥ ክብደቱም፣ የሚያርፍበት ቦታም፣ ከሥሩ ያለው አየርም ይለወጣል። ሣር ሙቀትንና ቅዝቃዜን ያለዝባል፤ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡም ላበት ይሠራል፤ ያ ላበት ዞሮ ዞሮ የሚንጠባጠበው በእንጨቱ ላይ ነው። ደግሞም አንድ ጸሐፊዎች የማያነሡት ነገር አለ፤ ክረምት ሆኖ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህርና ተማሪ አይሰማሙም። በዜማ ትምህርት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከክዳኑ ሌላ ደግሞ የዘመኑ አደጋ አለ። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የጋይንት ሕዝብ በሕይወቱና በንብረቱ የደረሰበት የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ አሮጌ ግድግዳ ማሰብ የሰው ሐዘን የማይገባው ሰው ሥራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአሥመራዋን ቤተ ክርስቲያን እናስታውስ፤ የ1906ቱ ልክ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለች ቤት ነበረች ከማለት በቀር ምንም ባልቀረን ነበር። በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ዐዋጅ ቁጥር 229ም ሆነ በ2000 የወጣው የባህል ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 ለእንዲህ ያለው ሕንፃ ጥበቃ ደንግገዋል። ነገር ግን ዐዋጅ ዝናብ አይከለክልም፤ የተቃጠለውንም በልኩ መልሶ ሊያቆም አይችልም።

ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ቤተ ልሔም ራሷ ከምታስተምረው ሥርዓት የተወሰደ ነው። ስለ ሕንፃዋ የተጻፈው ሁሉ ይመስክር። በድጓ ትምህርት አንድ ተማሪ ከሌላ ተማሪ የቀዳውን ይዞ ሊቅ ነኝ አይልም፤ ከምስክሩ መጽሐፍ ጋር ሳያስተያይ የጻፈው አይታመንለትም። ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎቻችን በሚጻፈው ዘንድ ግን አንዱ የሌላውን መቅዳት፣ የሁሉም መነሻ አንድ መንገደኛ ባንድ ቀን ያየው መሆኑ እንደ ነውር አይቈጠርም። ፓከንሃም መጽሐፉን በ1998 እንደገና ሲያሳትም ፎቶግራፎች ጨምሮበታል፤ መልካም አደረገ። ፎቶግራፍ ግን የግድግዳ ውፍረት አይናገርም፤ የትኛው እንጨት ወይራ፣ የትኛው ጥድ፣ የትኛውስ በኋላ የተተካ እንደ ሆነ አይለይም። ይህን ለመለየት የሕንፃ ባለሙያው ከመሪጌታውና ከክዳን ሠሪው ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት፤ የመጀመሪያው ልኩን፣ ሁለተኛው የስፍራውን አገልግሎት፣ ሦስተኛው የእንጨቱንና የማገሩን ጠባይ ያውቃልና።

ሥራው የሚጀመረው በበጋ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ በተለይም ክዳኑ ለእድሳት በሚነሣበት ዓመት፣ ከላይ ብርሃን ሲገባ የግድግዳው አናትና የጣራው አነሣሥ ይታያልና። መጀመሪያ ክቡና አራት ማዕዘኑ አብረው በአንድ ሥዕል ላይ ይለኩ፤ አንዱን ትቶ ሌላውን መለካት አይፈቀድ። ከዚያ የእያንዳንዱ እንጨት ዓይነትና ስፍራ ይመዝገብ። ሥዕሉና መዝገቡ በሁለት ቅጅ ይዘጋጅ፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይላክ፣ ሁለተኛው በደብሩ ዕቃ ቤት ከድጓው ጋር ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቤተ ልሔም የሚጽፍ ሁሉ ወርዶ ከእርሱ ጋር ያስተያይ።